ምዕራፍ 7፦ የሚፈታው ሌላ፣ የሚያስረው ሌላ

ከዋሽንግተን ዲሲ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሲነዳ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሰሚት ፖይንት የሚባል የመኪና ትራክ አለ። ማንኛውም መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ከፍሎ፣ መኪናውን አስፈትሾ የሚነዳባቸው ቀናት ይዘጋጁበታል። ውድድር አይደለም፤ ዋንጫም የለውም። ነጂዎቹ እንደ ልምዳቸው በቡድን ይከፈላሉ። አንዱ ቡድን 20 ወይም 30 ደቂቃ ሲነዳ የቀሩት ፓዶክ በሚባለው የማቆሚያ ሜዳ ላይ መኪናቸውን ያያሉ፣ ጎማ ይለውጣሉ፣ ተራቸውን ይጠብቃሉ። እንዲህ ያለ ቀን ዱባይ አውቶድሮምም አለ፣ የጀርመኑ ኑርቡርግሪንግም አለ። አገሩ ይለያይ እንጂ የፓዶኩ ሥራ ያው ነው፤ ቀኑ በጎማ መፍታት ይጀመራል፣ በጎማ ማሰር ያልቃል።

ለምሳሌ የቀድሞዎቹን የማዝዳ ኤምኤክስ-5 ሞዴሎች እንውሰድ። ቀላልና ርካሽ በመሆናቸው በአሜሪካ ትራኮች ላይ በብዛት ከሚታዩት መኪኖች መካከል ናቸው። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ አራት ዳዶ አላቸው። ባለቤቱ በመንገድ ጎማ ነድቶ መጥቶ፣ የትራክ ጎማውን አስሮ፣ ማታ ደግሞ መልሶ ለውጦ ወደ ቤቱ ይገባል። 16 ዳዶ ፈትቶ 16 ማሰር፣ ማታም እንደገና 16 ፈትቶ 16 ማሰር ማለት ነው። እኩለ ቀን ላይ የፍሬን ሸራ ካለቀ ወይም የፊቱ ጎማ ከኋላው ይልቅ ከተበላ ይጨምራል። በእጅ መፍቻ ይሠራል፤ ሲሠራም ኖሯል። ግን በፀሐይ፣ በጥድፊያ፣ ቀጣዩ ተራ ሊጠራ አሥር ደቂቃ ሲቀረው የደከመ እጅ ይሳሳታል። የባትሪ ኢምፓክት፣ ማለትም እየመታ የሚፈታ መፍቻ፣ ወደ ፓዶክ የገባው በዚህ ምክንያት ነው። ኮምፕሬሰር አይፈልግም፣ ቱቦ አይጎትትም፣ የኤሌክትሪክ ሶኬት አጠገቡ እስኪገኝ አይጠብቅም።

ገበያ ላይ ግን ብዙ ዓይነት አለ፤ ገዢውም ዓይኑ የሚያርፈው ሳጥኑ ላይ በትልቁ በተጻፈው ቁጥር ላይ ነው። ትልቅ ቁጥር ያለው የተሻለ ይመስላል። ለትራክ ሥራ ይህ የተሳሳተ መለኪያ ነው፤ ለምን እንደሆነ ለመረዳት መሣሪያው ውስጡ ምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

ድሪል በቀጥታ ያዞራል። ብሎኑ እምቢ ሲለው ኃይሉ ወደ ያዘው እጅ ይመለስና የእጅ አንጓን ይጠመዝዛል። ኢምፓክት እንዲህ አይሠራም። ከሞተሩ ፊት ከባድ የብረት መዶሻ አለ፤ ከኋላው ወፍራም ሞላ ይገፋዋል። ከመዶሻው ፊት ደግሞ የመፍቻው ሶኬት የሚሰካበት ዘንግ ሁለት ጆሮ አውጥቶ ይጠብቀዋል። ዳዶው እስካልከበደ ድረስ መዶሻውም ዘንጉም አብረው ይዞራሉ። ሲከብድ ዘንጉ ይቆማል፤ ሞተሩ ግን አይቆምም። መዶሻው በሰያፍ በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ በሚንከባለሉ የብረት ኳሶች እየተመራ ሞላውን ጨቁኖ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ የዘንጉን ጆሮ እንዳለፈ ሞላው ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ ግማሽ ዙር ያህል ፍጥነት አጠራቅሞም ቀጣዩን ጆሮ ይመታል። ይህ በደቂቃ ከ2,000 ጊዜ በላይ ይደጋገማል፤ 3,000 የሚያልፉም አሉ። ምስማርን በአውራ ጣቱ ገፍቶ እንጨት ውስጥ ማስገባት የማይችል ሰው በመዶሻ ያለ ችግር እንደሚያስገባው፣ እዚህም ኃይሉ የሚመጣው ከግፊት ሳይሆን ከምት ነው። ምቱ እጅግ አጭር ስለሆነ የያዘው እጅ ንዝረት እንጂ ጠምዛዥ ኃይል አይሰማውም። አንድ ሰው በረጅም ብረት የማይላወስ ዳዶ አንድ እጁን ብቻ ተጠቅሞ የሚፈታው ለዚህ ነው።

ከዚህ አሠራር አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። መሣሪያው ዳዶው ምን ያህል እንደጠበቀ አያውቅም። የሚያውቀው መምታት ነው። እያንዳንዱ ምት ዳዶውን ትንሽ ያዞረዋል፤ ጣት ቃታው ላይ በቆየ ቁጥር ይጠብቃል። ባትሪው ሙሉ ከሆነ አንድ ውጤት ይሰጣል፣ ሲደክም ሌላ። ረጅም ማራዘሚያ ሲገባበት፣ ሶኬቱ ሲላላ፣ የብሎኑ ጥርስ ዘይት ሲነካው ወይም ሲዝግ ሁሉም ይለያያል። ስለዚህ ኢምፓክት ለመፍታት ድንቅ፣ ለማሰር ግን የማይታመን መሣሪያ ነው። ስለ ምርጫው የምለው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

አሁን ወደ ሳጥኑ ቁጥር እንመለስ። በአሜሪካ ገበያ ቶርክ፣ ማለትም የመጠምዘዝ ኃይል፣ የሚጻፈው በፉት ፓውንድ ነው፤ አንዱ ፉት ፓውንድ 1.356 ኒውተን ሜትር ይሆናል። በብዙ መሣሪያዎች ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ አንዱ የማሰር፣ ሌላው የመፍታት። በትልቁ የሚታተመው የመፍታቱ ነው፤ ምክንያቱም ይበልጣል። የዲዎልት ዲሲኤፍ899 የሚያስረው እስከ 700 ፉት ፓውንድ ሲሆን ለመፍታት 1,200 ተብሎ ይታወቃል፤ በኒውተን ሜትር ወደ 950 እና ወደ 1,630 መሆኑ ነው። የሚልዎኪ ኤም18 ሞዴል 2767 ደግሞ 1,000 ሲያስር 1,400 ይፈታል ይባላል። ሁለት መሣሪያ ሲያወዳድሩ የአንዱን የመፍታት ቁጥር ከሌላው የማሰር ቁጥር ጋር እንዳያጋጩ መጠንቀቅ ይገባል። ከዚያም በላይ ቁጥሩ የተለካው በፋብሪካ፣ በሙሉ ባትሪ፣ ያለ ማራዘሚያ ነው። ፓዶክ ላይ አሥር ኢንች ማራዘሚያ ከነመገጣጠሚያው ሲገባበት ከዚያ ኃይል ቀላል የማይባል ድርሻ በንዝረት ይባክናል።

በሌላ በኩል መኪናው የሚፈልገው ስንት ነው? የቶዮታ ኮሮላ የጎማ ዳዶ የሚታሰረው በ103 ኒውተን ሜትር ነው። ሆንዳ ሲቪክ 108። የቀድሞዎቹ ኤምኤክስ-5 ከ88 እስከ 118 ድረስ። ቴስላ ሞዴል 3 175፤ የቅርቦቹ ፎርድ ማስታንጎች 204። በትክክለኛው መጠን የታሰረና ጥርሱ ንጹሕ የሆነ ዳዶ ለመፈታት ከታሰረበት ብዙም የራቀ ኃይል አይጠይቅም። ዝገት፣ የፍሬን ሙቀት ወይም ቀደም ብሎ በአየር መፍቻ ያለ ልክ ያሰረ ጎሚስታ ሲጨመርበት እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ለብዙው መኪና ከ400 እስከ 800 ኒውተን ሜትር የመፍታት አቅም ከበቂ በላይ ነው። 1,900 ኒውተን ሜትር ለ108 ኒውተን ሜትር ዳዶ ምንም አይጨምርለትም፤ ጉዳት ግን ሊያመጣበት ይችላል።

ጉዳቱን በቁጥር ማየት ይሻላል። የጎማ ብሎን የሚይዘው ተለጥጦ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ተመልሶ ለማጠር ሲታገል ነው ቸርኬውን ከሚታሰርበት ሃብ ጋር አጣብቆ የሚይዘው። እጅ ከሚያወጣው ኃይል ውስጥ ይህን መለጠጥ የሚፈጥረው አንድ አሥረኛው ገደማ ብቻ ነው፤ ግማሽ ያህሉ ዳዶው ቸርኬውን በሚነካበት ቦታ፣ የቀረው ደግሞ በጥርሱ ሰበቃ ይበላል። እንዲህም ሆኖ፣ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎን ጥርሱ ደረቅና ንጹሕ ሆኖ በ108 ኒውተን ሜትር ሲታሰር በግምት አራት ቶን ተኩል በሆነ ኃይል ይጨምቃል። ጥንካሬው 10.9 ተብሎ የተመደበ የዚሁ ውፍረት ብሎን ቅርጹን ሳይቀይር የሚችለው ሰባት ቶን ተኩል ገደማ ነው። ይህን ለመድረስ 175 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ብሎኑ ተለጥጦ አይመለስም፤ ይቀጥናል፣ ይዳከማል፤ አንድ ቀን በመታጠፊያ ላይ ይበጠሳል። ጥርሱን ግራሶ የቀባ ሰው ደግሞ ሰበቃውን ስለቀነሰው ከ175 ቀደም ብሎ እዚያው ይደርሳል፤ አምራቹ ካላዘዘ አይቀባም።

እንግዲህ ይህን ከሚልዎኪ ትንሹ ባለ12 ቮልት አጭር ኢምፓክት ጋር ያወዳድሩት። ግማሽ ኢንች ዘንግ ያለው ይህ ሞዴል 250 ፉት ፓውንድ፣ ማለትም 339 ኒውተን ሜትር ድረስ ያስራል። ከክንድ ያጠረ፣ መሳቢያ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ የኤምኤክስ-5 ብሎን ከሚችለው እጥፍ ገደማ ኃይል አለው። ጉልበት በዚህ ገበያ ላይ አላነሰም። የሚያንሰው ልክ ነው።

ስለዚህ መሣሪያ ሲመርጡ ስንት ይመታል ከማለት በፊት ምን ያህል ይታዘዛል ብለው ይጠይቁ። ቃታው ሲነካ በዝግታ ይጀምራል ወይስ ገና ሲነካ ያጓራል? የፍጥነት ደረጃ አለው? ዝቅተኛው ደረጃ እውነት ዝቅተኛ ነው? በአሁኖቹ ሞዴሎች ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር መጥቷል፤ ሲፈታ ዳዶው እንደላላ ተሰምቶት ራሱ የሚቆም ወይም ፍጥነቱን የሚቀንስ፣ ሲያስርም መምታት ከመጀመሩ በፊት ለአፍታ የሚያቆም ደረጃ። ዳዶ ተወርውሮ ጠጠር ውስጥ የጠፋበት ሰው ዋጋውን ያውቀዋል። እኔ ከሁለት መሣሪያ አንዱን ብመርጥ፣ ይህ ያለውን 500 ኒውተን ሜትር ከሌለው 1,500 አስበልጣለሁ።

ክብደቱም የሚናቅ አይደለም። ትልልቆቹ ከነባትሪያቸው ከሦስት ኪሎ ያልፋሉ። ቁጢጥ ብሎ፣ ክንድ ዘርግቶ፣ 32 ጊዜ ሦስት ኪሎ በዳዶ ልክ መያዝ ቀላል አይደለም፤ የደከመ ክንድ ሶኬቱን በሰያፍ ያስገባል፣ የቸርኬውን ቀለም ይፍቃል፣ የዳዶውን ጠርዝ ይልጣል። መካከለኛዎቹ ባለ18 ቮልት ሁለት ኪሎና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያሉ ናቸው። እንደ ማኪታ ዲቲደብልዩ300 ያለው 330 ኒውተን ሜትር ያስራል፣ እስከ 580 ይፈታል፤ ለብዙው የትራክ መኪና ይህ ልክ ነው። ትልቁ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። የኤምኤክስ-5 የጎማ ዘንግ ዳዶ ከ216 እስከ 294 ኒውተን ሜትር ይታሰራል፤ ከዓመታት በኋላ ሲፈታ ሌላ ነገር ነው። የፖርሽ 911 ጂቲ3 ባለቤት ከሆኑም ጉዳዩ ይለያል። በ991 ትውልድ ሞዴሉ ጎማውን በመሃል አንድ ትልቅ ዳዶ ብቻ ይይዘዋል፤ የሚታሰረውም በ600 ኒውተን ሜትር ነው። ለዚያ መኪና ትልቁን ኢምፓክትና ረጅሙን ቶርክ ሬንች፣ ማለትም በተወሰነ ልክ የሚያስረውን የእጅ መፍቻ፣ ከመግዛት ማምለጫ የለም።

ስለ ባትሪ ብዙ የሚያደናግር ነገር ይወራል። በአሜሪካ 20 ቮልት የሚለው ባትሪና በሌላው ዓለም 18 ቮልት የሚለው አንድ ነው፤ ሁለቱም ውስጥ አምስት ሴሎች በተከታታይ ተያይዘዋል፣ እያንዳንዳቸው በአማካይ 3.6 ቮልት። 20 የሚለው ቁጥር ቻርጅ ተደርጎ እንደወጣ የሚታየው ነው። ልዩነት የሚያመጣው የአምፒር ሰዓቱ ነው፤ እሱም ረጅም ጊዜ መቆየቱ ብቻ አይደለም። ባለ2 አምፒር ሰዓት ባትሪ ውስጥ አምስት ሴል ብቻ አለ። በተለመደው ባለ5 ውስጥ አሥር አሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ጭነቱን ይካፈላሉ። ትልቅ ኃይል ሲጠየቅ ትንሹ ባትሪ ቮልቱ ይወርዳል፣ መዶሻውም ይደክማል። መሣሪያው ደካማ ነው ተብሎ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ባትሪው ትንሽ ስለሆነ ነው። ቤትዎ ውስጥ ድሪል ወይም መጋዝ ካለ የዚያኑ ኩባንያ ኢምፓክት ያለ ባትሪ ቢገዙ ይሻላል፤ ከዋጋው ቀላል የማይባለው ድርሻ የባትሪውና የቻርጀሩ ነውና። ለአንድ ቀን ሁለት ባለ5 ባትሪ ከበቂ በላይ ነው። በተዘጋ መኪና ውስጥ በፀሐይ አይተዉዋቸው፤ የጋለውን ባትሪ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቻርጀሩ አይቀበለውም።

ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ይዘው የሚመጡ ከሆነ ሁለት ነገር ይወቁ። የአሜሪካ ቻርጀር ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ ጀርባው ላይ እስከ 240 የሚል ካልተጻፈበት በ220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ትርፍ ባትሪ ደግሞ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይገባም፤ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፣ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ባለ5 አምፒር ሰዓቱ 90 ዋት ሰዓት ነው፤ ባለ6ቱ 108።

ሶኬቱን በተመለከተ ማመቻመች የለም። ለእጅ መፍቻ የተሠራው የሚያብለጨልጭ ሶኬት ከክሮም ቫናዲየም የተሠራ ጠንካራ ግን ተሰባሪ ነው፤ በኢምፓክት ሲመታ ተሰንጥቆ ስብርባሪው ዓይን ውስጥ ሊገባ ይችላል። ጥቁሩ፣ ከክሮም ሞሊብዲነም የተሠራው፣ ለምት ነው። ባለ ስድስት ማዕዘን ይሁን፤ ባለ 12ቱ የዳዶ ጠርዝ ይልጣል። ለቸርኬ የሚሸጥ ግድግዳው ቀጭን፣ በላስቲክ የተሸፈነ ረጅም ዓይነት አለ፤ በብዛት 17፣ 19 እና 21 ሚሊ ሜትር ሆኖ በሦስት ቀለም ይመጣል፣ የጎማ ሥራ ከሞላ ጎደል በእነዚህ ያልቃል። ሌባ መከላከያ ዳዶ ካለብዎት ቁልፉን በኢምፓክት አይንኩት። ቁልፉ ከተሰበረ ያ ጎማ ከዚያ ፓዶክ አይነሳም። ለትራክ ቀን ቢወጣና ተራ ዳዶ ቢገባ ይሻላል።

ሥራው ሲሠራ እንዲህ ነው። ክሪኩ ያነሳል እንጂ አይይዝም፤ መኪናው ማቆሚያ ድጋፍ ላይ ይቀመጣል። የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ ይደረጋል፤ ኢምፓክት 100 ዴሲቤል ገደማ ይጮኻል፣ በዚያ መጠን የአሜሪካው የሥራ ጤና ተቋም ናዮሽ በቀን የሚፈቅደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ዳዶዎቹ በኢምፓክት ይፈታሉ። አዲሱ ጎማ ከመግባቱ በፊት የሃቡ ፊት ይጠረጋል፤ በመካከል የገባ ጠጠር ወይም የዝገት ቅርፊት በኋላ ሲደቅ ዳዶው ይላላል። ከዚያ እያንዳንዱ ዳዶ ሦስት አራት ዙር በጣት ይገባል። ይህን ማንም እንዳይዘልለው እለምናለሁ። ተጣሞ የገባ ዳዶ በጣት ወዲያው ይታወቃል፤ በኢምፓክት ግን ጥርሱን እየበላ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ የሚታወቀውም ሲፈታ ነው። ቀጥሎ ኢምፓክቱ በዝቅተኛው ደረጃ ዳዶውን እስከ ቸርኬው ያደርሰዋል፤ የመጀመሪያው ምት እንደተሰማ ጣት ከቃታው ይነሳል። መኪናው ይወርዳል። ከዚህ በኋላ ተራው የቶርክ ሬንች ነው፤ በኮከብ ቅርጽ፣ አንዱን አስሮ ፊት ለፊቱን፣ በመኪናው መመሪያ በተጻፈው ቁጥር። ታስሮ ያለቀውን ዳዶ ከቸርኬው ጋር የሚያገናኝ መስመር በነጭ የቀለም ብዕር ያሰምሩ፤ መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፣ ከሩቅ ይታያል። ከመጀመሪያው ተራ ሲመለሱ ፍሬኑ በመቶዎች ዲግሪ የጋለ ነውና እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁና እንደገና በቶርክ ሬንች ይፈትሹ።

የፍሬን ሸራ ሲለወጥም ድንበሩ ይኸው ነው። ሸራውን የሚጨምቀው ካሊፐር መያዣ ትላልቅ ብሎኖች በኢምፓክት ቢፈቱ አይከፋም። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ትንንሽ ብሎኖችና አልሙኒየም ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ብሎን ግን በእጅ ነው፤ ሲፈታም ሲታሰርም።

የፎርሙላ ዋን ሠራተኞች ቶርክ ሬንች ሳይነኩ ጎማ ያስራሉ ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ2023 በኳታር የማክላረን ቡድን አራቱንም ጎማ በ1.80 ሰከንድ ለውጧል። ግን ያ መኪና በጎማ አንድ ዳዶ ብቻ አለው፤ መሣሪያው ለዚያ ዳዶ ብቻ ተሠርቶ ተለክቷል፤ ዳዶውና ዘንጉም ለዚያ መሣሪያ ተሰልተዋል። በአሜሪካው ናስካር ዋና ምድብ ያሉ መኪኖችም ከአምስት ዳዶ ወደ አንድ የተሻገሩት በ2022 ነው። ሰሚት ፖይንት ላይ የቆመ የማስታንግ ወይም የሲቪክ ዳዶ በዚያ ስሌት አልተሠራም፤ በመመሪያው ላይ ያለው ቁጥር የተጻፈው ለቶርክ ሬንች ነው።

ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ መጀመሪያ ለብዙው መኪና የሚበቃ፣ ከ40 እስከ 200 ኒውተን ሜትር የሚለካ ጥሩ ቶርክ ሬንች ይግዙ፤ ከእሱ ጋር አንድ ረጅም የእጅ መፍቻና አንድ ጥቁር ሶኬት። ሲተርፍ መካከለኛ ባለ18 ቮልት ግማሽ ኢንች ኢምፓክት፣ የፍጥነት ደረጃ ያለው፣ ከባለ5 አምፒር ሰዓት ባትሪ ጋር ይጨምሩ። ኢምፓክት ይዞ ቶርክ ሬንች ያልያዘ ሰው ግን ወደ ትራኩ ከመግባቱ በፊት ከጎረቤቱ ይዋስ፤ ፓዶክ ላይ ይህን የሚከለክል ሰው የለም።